ያገለገለ የፒሲ ጌም ገዝታችሁ አልሰራ ሲላችሁ

ሲዲው ይሽከረከራል፣ ይጮሃል፣ ኢንስቶሉ መሃል ላይ ቀጥ ይላል? አውጡትና ወደ መብራት አድርጋችሁ እዩት። በሚያብረቀርቀው ፊት ቀጭን ጭረት ብዙም አያስፈራም፣ ለስላሳ ጨርቅ ትንሽ አርጥባችሁ ከመሃል ወደ ዳር ጥረጉት፣ እያዞራችሁ ግን በፍጹም፣ ዳታው ዙሪያውን ስለተጻፈ በዛ አቅጣጫ የሚወጣ ጭረት ብዙ ተከታታይ ዳታ ነው የሚበላው። ክፉው ስዕሉ ያለበት ፊት ነው። ሲዲ ላይ ዳታውን የያዘው ንጣፍ እዛው ከስዕሉ ስር ነው፣ ከተላጠ ወይ ብርሃን ካሳለፈ መፍትሄ የለውም። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት የሁለቱንም ፊት ፎቶ ጠይቁ።

በደንብ ኢንስቶል ሆኖ ስትከፍቱት ግን ዝም ካለ ወይ ሲዲው ውስጥ እያለ "ሲዲ አስገባ" ካለ ሻጩን አትቆጡት፣ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የሲዲው አይደለም። በ2000ዎቹ መጀመሪያ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው) ብዙ ጌሞች ሴፍዲስክ የሚባል የኮፒ መከላከያ ነበራቸው፣ እሱ የሚሰራበት ድራይቨር ዊንዶውስ 10 ላይ ጭራሽ የለም፣ ቪስታ፣ 7 እና 8 ላይ ደግሞ ማይክሮሶፍት በሴፕቴምበር 2015 አፕዴት ዘጋው፣ ምክንያቱም ድራይቨሩ ውስጥ ያለውን ክፍተት ተጠቅሞ ኮምፒውተሩን መቆጣጠር ይቻል ነበር። ድራይቨሩን ከየትም አውርዳችሁ አትጫኑ እባካችሁ። ኢንተርኔት የማይነካው አሮጌ ዊንዶውስ ኤክስፒ ኮምፒውተር ካላችሁ እዛ ላይ ተጫወቱ፣ ከሌላችሁ ጌሙ ጂኦጂ (GOG) የሚባለው የኦንላይን ጌም መሸጫ ላይ መኖሩን እዩ፣ እዛ የሚሸጠው መከላከያ የለውም። ፓብሊሸሮቹ ገንዘቡን ተቀብለው ገዢውን እንዲህ ሜዳ ላይ መተዋቸው በጣም ያናድደኛል።

ሴትአፑ ራሱ "ይህ ፕሮግራም እዚህ አይሰራም" ካለ የ90ዎቹ ጌም ነው ማለት ነው፣ ጌሙ 32 ቢት ሆኖ እንኳን ኢንስቶለሩ 16 ቢት ይሆናል፣ 64 ቢት ዊንዶውስ ደግሞ 16 ቢት አይከፍትም። ቨርቹዋል ማሽን (ኮምፒውተራችሁ ውስጥ እንደ ሌላ ኮምፒውተር የሚሰራ ፕሮግራም) ላይ 32 ቢት ኤክስፒ ጭናችሁ ሞክሩ።

"ኪዩ (ጌሙን የሚከፍተው የቁጥርና ፊደል ኮድ) ተይዟል" ካለ ግን ብር አባክናችኋል። ሃፍ ላይፍ 2ን የመሰሉ፣ ከ2004 ጀምሮ ስቲም የሚባለውን የኦንላይን ጌም አገልግሎት የሚጠይቁ ጌሞች ኪያቸው አንዴ አካውንት ላይ ከገባ ለሌላ ሰው አይሰራም፣ ሲዲው አዲስ ቢመስልም። ካርቶኑ ጀርባ ላይ ኢንተርኔትና አካውንት ያስፈልጋል የሚል ካያችሁ ተዉት። ኪይ የሚጠይቅ ሆኖ አካውንት የማያስፈልገው ከሆነ ኪይ ያለበት ወረቀት ወይ ማኑዋል አብሮ መኖሩን አረጋግጡ።

ኦንላይን አልገባም ካለ ጌምስፓይ የሚባለውን ተጫዋቾችን በኢንተርኔት የሚያገናኝ አገልግሎት ይጠቀም የነበረ ሊሆን ይችላል፣ እሱ በ2014 ተዘግቷል፣ ጌሙ ላን (በአንድ ቤት ኔትወርክ የተገናኙ ኮምፒውተሮች) ላይ መጫወት የሚፈቅድ ከሆነ ግን ከጓደኛችሁ ጋ መጫወት ትችላላችሁ።