ስክሪኑ ቢጮህም አትደውሉ

ባሕር ዳር ግሽ ዓባይ አካባቢ ፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ክረምት ላይ ስክሪኔ «ቫይረስ ገብቷል፣ ይደውሉ» ብሎ ጮኸ። ደነገጥኩና ደወልኩ። ሰውየው የርቀት መቆጣጠሪያ ፕሮግራም አስጫነኝ። «ኢቨንት ቪወር» የሚባለውን የዊንዶውስ የክስተት መዝገብ ከፍቶ ቀይ ምልክቶች አሳየኝ። ጤነኛ ኮምፒውተርም እነዚያ ምልክቶች አሉት፤ ያኔ አላወቅኩም።

እናንተ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጫኑ። የተከፈቱ ፕሮግራሞችን የሚያሳየው ታስክ ማናጀር ሲመጣ ብራውዘሩን መርጣችሁ «ኤንድ ታስክ» በሉት። ጩኸቱ ይቆማል፤ ድረ ገጽ ብቻ ነው። የማይክሮሶፍት እውነተኛ ማስጠንቀቂያ ስልክ ቁጥር አይጽፍም።

አጭበርባሪዎቹን ወደ ኮምፒውተራችሁ ካስገባችኋቸው ግን ቶሎ ኢንተርኔቱን አቋርጡ። ያስጫኗችሁን ፕሮግራም ከኮምፒውተሩ አስወግዱ፣ ከዊንዶውስ ጋር በሚመጣው ጸረ ቫይረስ በዊንዶውስ ዲፌንደር ሙሉ ፍተሻ አድርጉ። የኢሜይልና የባንክ የይለፍ ቃላችሁን በዚያ ኮምፒውተር ሳይሆን በስልካችሁ ቀይሩ፤ ለባንካችሁም ወዲያው ንገሩ። እኔ ለነገ ብዬ አደርኩ። ጠዋት ኢሜይሌ አልከፈት አለኝ።