ሰጋቱራ፣ የቡና ገለፈት ወይስ ፎም? ሙቀት አጋጅን በጣሳ መፈተን

ግንቦት ሲገባ ድሬዳዋ ላይ ቆርቆሮ የለበሰ ቤት ከሰዓት በኋላ አያስቀምጥም። ኮርኒሱ ላይ ምን ይደረግ ሲባል ደግሞ ሁሉም የየራሱን ያወድሳል፦ አንዱ ሰጋቱራ፣ ሌላው ፍሪጅ ታሽጎበት የመጣውን ነጭ ፎም፣ ሌላው የሚያብለጨልጭ ፎይል። ከክርክሩ ይልቅ ፈተናው ይቀላል፤ የሚጠይቀውም ባዶ ጣሳ፣ ሙቅ ውሃና ትዕግሥት ነው። ግን ፈተናው ሁለት ዓይነት ነው። የጣሳው ፈተና ዕቃው በራሱ ሙቀትን ምን ያህል እንደሚያግድ ያሳያል፤ የጣሪያው ፈተና ደግሞ ያው ዕቃ ፀሐይ በመታው ቆርቆሮ ሥር ምን እንደሚሠራ። በአንዱ የወደቀ በሌላው ሊያልፍ ስለሚችል በአንዱ ብቻ ባይፈርዱ ይሻላል።

የሚያስፈልገው

ለውስጥ 400 ግራም የቲማቲም ድልህ የነበረበት ጣሳ፣ ለውጭ 900 ግራም የዱቄት ወተት የነበረበት ጣሳ ከነፕላስቲክ ክዳኑ። ትንሹ በትልቁ መሐል ሲቀመጥ ዙሪያውን 2.5 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ ከሥርና ከላይ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ክፍተት ይተርፋል። አጋጁ የሚሞላው እዚያ ነው። ቢያንስ ሦስት ጥንድ ያዘጋጁ። ሁሉም አንድ ዓይነት ይሁኑ፤ የአንዱ ውፍረት 2፣ የሌላው 4 ሳንቲ ሜትር ከሆነ የተፈተነው ውፍረቱ እንጂ ዕቃው አይደለም።

ቴርሞሜትሩ እስከ 110 ዲግሪ የሚያነብ የላቦራቶሪ ወይም ባለ ዘንግ ዲጂታል ይሁን። የትኩሳት መለኪያ አይሆንም፤ 42 ዲግሪ ላይ ያበቃል፣ ሙቅ ውሃ ውስጥ ሲገባም ይፈነዳል። የኩሽና ሚዛን፣ ባለ ሚሊ ሊትር መለኪያ፣ ሰዓትና ስኮች ይጨምሩ።

ከአንድ በላይ ቴርሞሜትር ካለ መጀመሪያ ያስተያዩዋቸው። ውሃ የገባበት የተፈጨ በረዶ ውስጥ ሁሉም 0 ማለት አለባቸው። በሚፈላ ውሃ ሲፈትኑ ግን 100 አይጠብቁ። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል 1,200 ሜትር ገደማ ከፍ ስለምትል ውሃ የሚፈላው 96 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ሐረር ደግሞ ከ1,850 ሜትር በላይ ስለሆነች 94 አካባቢ። ሐረር ላይ 100 የሚል ቴርሞሜትር ካለ የተበላሸው እሱ ነው። ልዩነታቸውን ይመዝግቡና ከየንባቡ ላይ ይቀንሱ ወይም ይደምሩ።

አሞላል

ፈተናው ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ሙቀት የሚያግደው በአብዛኛው ጥጡ ወይም ጭዱ ራሱ ሳይሆን በመሐላቸው ተይዞ የቆመው አየር ነው። የቆመ አየር ሙቀት የማስተላለፍ አቅሙ 0.026 ዋት በሜትር በኬልቪን ያህል ነው፤ ነጭ ፎም 0.035 አካባቢ፣ ጥጥ 0.04፣ ጭድ ከ0.05 እስከ 0.07፣ እንጨት ከ0.12 እስከ 0.15፣ ደረቅ አሸዋ ከ0.2 በላይ። አየሩ ግን ካልቆመ ዋጋ የለውም። ጥጥ በጣም ከሳሳ አየሩ ውስጥ ለውስጥ እየዞረ ሙቀቱን ይዞ ይወጣል፤ ተጨቁኖ ከተጠቀጠቀ ደግሞ አየሩ ይወጣና ክሩ ራሱ ያስተላልፋል። ለዚህ የጣሳ ጥንድ ከ50 እስከ 60 ግራም ጥጥ መጀመሪያ ላይ ይበቃል። ጊዜ ካለዎት ያንኑ ጥጥ በ30 እና በ120 ግራም ይድገሙት፤ ዕቃው ሳይለወጥ ውጤቱ ሲለወጥ ያያሉ።

የየዕቃውን ግራም ይመዝግቡ፤ ካልተመዘገበ ነገ መድገም አይቻልም። ሰጋቱራ፣ የተከተፈ የማሽላ አገዳና የቡና ገለፈት ከመመዘናቸው በፊት ሁለት ቀን ፀሐይ ላይ ይሰጡ። ውሃ ከቆመ አየር ሃያ እጥፍ በላይ ሙቀት ስለሚያስተላልፍ ርጥበት የያዘ ሰጋቱራ ያለ ጥፋቱ ይወድቃል። ገለፈት በእጅ ሲጨበጥ ከደቀቀ ደርቋል፤ ከተለመጠ ገና ነው።

አንዱን ጥንድ ባዶውን ይተዉት፤ በትልቁ ጣሳ ውስጥ አየር ብቻ ይኑር፣ ትንሹም በሦስት ቡሽ ላይ ይቀመጥ። ሌላው የሚወዳደረው ከዚህ ጋር ነው።

መለካት

ውሃውን አፍልተው በየጣሳው 300 ሚሊ ሊትር ይቅዱ። የትንሹን ጣሳ አፍ ለቴርሞሜትሩ ብቻ ቀዳዳ ባለው ወፍራም ካርቶን ይክደኑና በቀዳዳው ዙሪያ ያለውን ክፍተት በሊጥ ይድፈኑት። ከላይ አጋጁን ይጨምሩ፣ የትልቁን ክዳንም ይግጠሙ። ክዳን የሌለው ሙቅ ውሃ ሙቀቱን በእንፋሎት ስለሚያጣ ጎኑ በምንም ቢሸፈን ለውጥ አይታይም። ሁሉም ጣሳ ተመሳሳይ ውጤት ከሰጠዎት በመጀመሪያ የሚጠረጠረው ክዳኑ ነው።

የቴርሞሜትሩ ጫፍ በውሃው መሐል ይንጠልጠል፤ የጣሳውን ሥርም ጎንም አይንካ። ውሃው 80 ዲግሪ ሲደርስ ሰዓት ይያዙ። ፎም ከዚያ በላይ ሙቀት ላይ ሲቆይ መለስለስ ስለሚጀምር ከ80 መነሣቱ ለዚህም ይበጃል። ከዚያ በየ10 ደቂቃው እስከ 60 ደቂቃ ያንብቡ። ከማንበብዎ በፊት ጣሳውን ቀስ አድርገው አንዴ ያዙሩት፤ ሙቁ ውሃ ወደ ላይ፣ ቀዝቀዝ ያለው ወደ ታች ስለሚለይ ሳይነካካ የተነበበ ቁጥር በሁለት በሦስት ዲግሪ ሊስት ይችላል።

ጣሳዎቹ አንድ ጠረጴዛ ላይ ይሁኑ፤ በመሐላቸው አንድ ክንድ ያህል ይራራቁ። ቬንቲሌተር ይጥፋ፣ መስኮት ይዘጋ። ድሬዳዋ ውስጥ ቬንቲሌተር ማጥፋት ቅጣት መሆኑ ይታወቃል፤ ስለዚህ ፈተናውን ጧት ከ1 እስከ 3 ሰዓት ይጨርሱ።

ስሌቱ

የመጨረሻውን ዲግሪ ብቻ ማወዳደር ያሳስታል፤ የውሃው አቀዛቀዝ ከክፍሉ ጋር ባለው ልዩነት ላይ ይወሰናልና። ስለዚህ የሚሰላው የልዩነቱ ቀሪ ድርሻ ነው። ለማሳያ፦ ክፍሉ 30 ዲግሪ ሆኖ ውሃው ከ80 ወደ 66 ቢወርድ ልዩነቱ ከ50 ወደ 36 ወርዷል፤ 36 ለ50 ሲካፈል 0.72። በሌላ ቀን ክፍሉ 24 ሆኖ ውሃው ከ80 ወደ 64 ቢወርድ 40 ለ56 ሲካፈል 0.71። አንዱ 66፣ ሌላው 64 ቢሆንም ሁለቱ እኩል ናቸው ማለት ይቻላል።

አንዱ ከሌላው ስንት እጥፍ እንደሚሻል ለማወቅ በካልኩሌተር የየድርሻውን ተፈጥሯዊ ሎጋሪዝም ይውሰዱና ያካፍሉ። አጋጅ የሌለው ጣሳ ድርሻ 0.35፣ የጥጡ 0.72 ከሆነ የመቀነስ ምልክቱ ሲተው 1.05 እና 0.33 ይመጣል፤ በጥጡ ውስጥ ያለው ውሃ በሦስት እጥፍ ቀስ ብሎ ይቀዘቅዛል ማለት ነው። እያንዳንዱን ዕቃ ሦስት ጊዜ ይፈትኑ። የአንድ ዕቃ ሦስቱ ውጤቶች ከ0.03 በላይ ከተራራቁ ከሌላ ዕቃ ጋር ለማወዳደር አይቸኩሉ፤ አሞላሉ ወይም ክዳኑ አንድ አልነበረም።

አሸዋ የሚፈትን ሰው የሚገርመው ነገር ያያል። ውሃው በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ወርዶ ወርዶ በኋላ ይዘገያል። ክፍተቱን የሚሞላው 2 ኪሎ ገደማ አሸዋ ሙቀት የመያዝ አቅሙ ከ300 ሚሊ ሊትሩ ውሃ ይበልጣል፤ ስለዚህ መጀመሪያ ሙቀቱን ራሱ ይጠጣል። ይህ ማገድ ሳይሆን ማጠራቀም ነው። የጁገል ቤቶች ወፍራም የድንጋይ ግንብም ቀን የሚያቀዘቅዘው በዚሁ ባሕርይ ነው፤ የቀኑን ሙቀት ጠጥቶ ሌሊት ቀስ እያለ ይለቃል። ግንብ በ60 ደቂቃ የጣሳ ፈተና ይወድቃል፣ ፍርዱ ግን ትክክል አይሆንም።

ጣሪያው

ፎይልም በጣሳው ፈተና ያሳፍራል። በጥጥ መሐል ተጨቁኖ ሲገባ ለውጡ አይታይም፤ አልሙኒየም ሙቀትን በማስተላለፍ ከብረት ይበልጣል። የፎይል ሙያ የጨረር ሙቀትን መመለስና ራሱም በጨረር ጥቂት ብቻ መልቀቅ ነው፣ ለዚያ ደግሞ ፊቱ አየር ማግኘት አለበት። ቀትር ላይ 60 ዲግሪ ሊያልፍ የሚችል ቆርቆሮ ወደ ታች የሚልከው ሙቀት በአብዛኛው ጨረር ስለሆነ የፎይል ቦታው እዚያ ነው።

ጎናቸው 40 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሁለት እኩል ካርቶኖች ይውሰዱ። አራቱንም ጎንና ሥሩን በ5 ሳንቲ ሜትር ፎም ይሸፍኑ፤ ሙቀት ከላይ ብቻ ይግባ። ከአንድ ቆርቆሮ የተቆረጠ ክዳን በሁለቱም ላይ ይግጠሙ፤ አንዱ አዲስ፣ ሌላው የዛገ እንዳይሆን። በአንደኛው ከቆርቆሮው ሥር የሚፈተነውን ያድርጉ፣ ሁለተኛው እንዳለ ይቅር። ቴርሞሜትሩን በሳጥኑ መሐል አየር ላይ ያንጠልጥሉ። ከ5 እስከ 9 ሰዓት ባለው ቀትር ጥላ በማይደርስበት ቦታ አስቀምጠው በየግማሽ ሰዓቱ ያንብቡ፤ የጥላ ሙቀቱንም አብረው ይመዝግቡ። በማግስቱ ሳጥኖቹን ያቀያይሩ። አንዱ ሳጥን በራሱ የሚያፈስ ከሆነ የሚታወቀው ያኔ ነው።

ፎይሉን ከቆርቆሮው 2 ሳንቲ ሜትር ዝቅ አድርገው፣ የሚያብረቀርቀው ፊቱ ወደ ታች እንዲሆንና ከሥሩም ክፍት አየር እንዲኖር ይወጥሩት። ወደ ላይ ቢሆንም ለጊዜው እኩል ይሠራል፣ ግን የድሬዳዋ አቧራ ሲለብሰው መመለሱን ያቆማል። በአዲስ ፎይልና አቧራ በተነሰነሰበት ፎይል ቢፈትኑት ልዩነቱን በራስዎ ሳጥን ያያሉ።

ንባቡን እስከ ማታ 2 ሰዓት ይቀጥሉ። ራቁት ቆርቆሮ ፀሐይ ስትጠልቅ ቶሎ ይቀዘቅዛል፤ በደንብ የታሸገው ሳጥን ግን የቀኑን ሙቀት ይዞ ሊያመሽ ይችላል። ቀን የሚሸሹበት ክፍል ከሆነ የቀኑን ቁጥር ይመኑ፤ መኝታ ክፍል ከሆነ የማታው ይበልጣል፣ ለሙቀቱ መውጫ የሚሆን የአየር መተላለፊያም ከኮርኒሱ በላይ መተው ያስፈልጋል።

ሁለቱም ፈተናዎች የማይነግሩት ምስጥና እሳት አለ። ጭድ፣ ሰጋቱራና ገለፈት በቁጥር ጥሩ ሆነው ሊወጡ ይችላሉ፤ የኤሌክትሪክ ሽቦ በተዘረጋበት ኮርኒስ ላይ ግን ልቅ አድርጎ መበተን አይገባም። ነጭ ፎምም ይቀጣጠላል፤ ጢሱ መርዛማ ነው።