ፋውሌን እንዴት እንደቀነስኩ

እዚህ ጎንደር ከሰፈር ልጆች ጋር ቅርጫት ኳስ እጫወታለሁ። ረዥም ስለሆንኩ ቦታዬ ቅርጫቱ ስር ነው። ችግሬ ኳስ ሲወረወር ካየሁ አላስችል ይለኛል፤ ዘልዬ ካልመታሁ አይሆንልኝም። በዓለም አቀፉ ሕግ 5 ፋውል የሞላበት ይወጣል፣ በአሜሪካው ሊግ በኤንቢኤ ደግሞ በ6። እኔ ከእረፍት በፊት 3 ይዤ፣ እንዳይሞላብኝ ወንበር ላይ ቁጭ እል ነበር። ቡድኔ ያለ እኔ ሲሸነፍ ማየት በጣም ያንገበግባል።

አንድ ጓደኛዬ በስልኩ ቀረጸኝና አብረን አየነው። እጄ ኳሱን በትክክል ይነካል። ፊሽካ የሚያስነፋብኝ ደረቴ ነው! ወደ ፊት እየዘለልኩ አጥቂው ላይ እወድቃለሁ። ክንዴንም እንደ መጥረቢያ ከላይ ወደ ታች አወርዳለሁ።

አሁን ቀድሜ ቦታ እይዛለሁ፣ ሁለት እጄን ዘርግቼ ቀጥ ብዬ ሽቅብ እዘላለሁ። ተከላካይ ከቆመበት ቦታ በላይ ያለው አየር የራሱ ነው፤ አጥቂው መጥቶ ቢላተመው ጥፋቱ የተከላካዩ አይደለም። አጥቂው እግሩን ከመሬት ሳያነሳም አልነሳም። ከሁሉ የከበደኝ ይሄ ነው፤ ሳምንታት ፈጀብኝ። ሁሉንም ኳስ ማሳደድም ትቻለሁ፤ እጄን ዘርግቼ መቆሜ ብቻ ብዙውን ጊዜ አጥቂው እንዲስት ያደርገዋል።

ባለፈው ቅዳሜ በ2 ፋውል ጨረስኩ።