ሙዚቃ ማጫወቻ ስትገዙ መጀመሪያ ቁልፉን ሞክሩ

ስልክ እያለኝ ለሙዚቃ ብቻ የሚሆን ትንሽ ማጫወቻ ይዤ መሄድ ከጀመርኩ ቆይቻለሁ። ጥሪ አያቋርጠኝም፤ የስልኬንም ባትሪ አይበላብኝም።

ስትመርጡ ከሁሉ በፊት ቁልፎቹን እዩ። እኔ የምወደው በጎኑ የሚጫን ቁልፍ ያለውን ነው። እጄን ኪሴ ከትቼ፣ ሳላይ፣ በአውራ ጣቴ ዳብሼ ዘፈን እቀይራለሁ። ስክሪን ብቻ ከሆነ ግን በየዘፈኑ ከኪስ ማውጣት ነው።

ቀጥሎ ሚሞሪ። በሴኮንድ 320 ኪሎቢት የተቀዳ የ4 ደቂቃ ኤምፒ3 ዘፈን 10 ሜጋባይት ገደማ ይይዛል። ስለዚህ 32 ጊጋባይት ወደ 3,000 ዘፈን ይችላል። ፍላክ (የድምፁ ጥራት ሳይቀነስ የሚቀመጥ የፋይል ዓይነት) የምትሰሙ ከሆነ ፋይሉ በጣም ስለሚከብድ የማይክሮ ኤስዲ ሚሞሪ ካርድ ማስገቢያ ያለውን ፈልጉ። የ3.5 ሚሊሜትር የኢርፎን ቀዳዳም ይኑረው። ብሉቱዝ ብቻ ከሆነ የኢርፎኑ ቻርጅ ሲያልቅ ሙዚቃውም አበቃ።

ከተጨማሪ ዕቃዎች መካከል ገንዘባችሁን ኢርፎን ላይ አውሉት። ድምፁን ከምንም በላይ የሚለውጠው እሱ ነው። የተለያየ መጠን ያላቸው ጎማዎች አብረውት የሚመጡትን ምረጡ። ጎማው ጆሮን በደንብ ካልደፈነ ቤዙ ይጠፋል፤ ያኔ ድምፅ እንጨምራለን፣ ጆሮም ይጎዳል። የእኔ ግራ ጆሮ ከቀኙ ጠበብ ስለሚል በግራ ትንሹን፣ በቀኝ መካከለኛውን አደርጋለሁ። ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው።

ገመዱን ማጫወቻው ላይ አጥብቃችሁ አትጠቅልሉ። መሰኪያው ሥር እየታጠፈ ውስጡ ይበጠስና አንዱ ጆሮ ዝም ይላል። ሁለት ኢርፎን እንዲህ አጥቻለሁ። አሁን ላላ አድርጌ ጠቅልዬ ጠንከር ያለች ትንሽ ቦርሳ ውስጥ እከተዋለሁ።