በጎግል አናሊቲክስ «ዳይሬክት» የተባለው ጎብኚ ከየት እንደመጣ እንዴት ይታወቃል?

ሀዋሳ ላይ ፔንሲዮን አላችሁ እንበል። የፍቼ ጫምባላላ ሰሞን የክፍል ዋጋ ያለበትን ገጽ ሊንክ ቴሌግራም ግሩፖች ላይ ለቀቃችሁ። በማግስቱ የድረ ገጻችሁን ጎብኚ የሚቆጥረውን ጎግል አናሊቲክስን ስትከፍቱ ጎብኚው ጨምሯል፤ ምንጩ ግን «ዳይሬክት» (በቀጥታ የመጣ) ይላል። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ አድራሻውን በቃሉ የያዘ ደንበኛ የበዛለት ይመስለዋል። አትቸኩሉ።

ሰው ከአንድ ድረ ገጽ ወደ ሌላው ሲሻገር ብራውዘሩ ብዙውን ጊዜ ከየት እንደመጣ ይናገራል። ከቴሌግራም፣ ከዋትስአፕ ወይም ከፒዲኤፍ ፋይል የተነካ ሊንክ ግን አብዛኛውን ጊዜ ይህን መረጃ ይዞ አይመጣም። ስለዚህ አድራሻውን ራሱ ከጻፈው ሰው ጋር አንድ ላይ ይቆጠራል።

መጀመሪያ የገቡበትን ገጽ እዩ። ከ«ሪፖርትስ» ወደ «አኩዊዚሽን»፣ ከዚያ ወደ «ትራፊክ አኩዊዚሽን» ግቡ። ሰንጠረዡ ላይ ያለውን የመደመር ምልክት ነክታችሁ «ላንዲንግ ፔጅ»ን ጨምሩ። በዋናው ገጽ የገባው አድራሻውን ጽፎ ሊሆን ይችላል። አድራሻው ረጅም በሆነው የባለ ሁለት አልጋ ዋጋ ገጽ የገባው ግን መቼም ያን ሁሉ በጣቱ አልጻፈም፤ ሊንክ ነክቶ ነው። ቀጥሎ በዚያው ቦታ «አወር»ን መርጣችሁ ሊንኩን ከለቀቃችሁበት ሰዓት ጋር አስተያዩ። ማታ 2 ሰዓት የለቀቃችሁት 20 ላይ ነው የሚታየው፤ የአካውንቱ ሰዓት የኢትዮጵያ መሆኑን ግን ቀድማችሁ አረጋግጡ። ለእኔ ከሁሉም በላይ የሚያዋጣው ይህ እርምጃ ነው።

ሁለተኛ፣ ከእንግዲህ የምትለቁት ሊንክ ሁሉ የዩቲኤም መለያ ይኑረው፤ ይህ ጎብኚው ከየት እንደመጣ የሚናገር፣ ከሊንኩ መጨረሻ ላይ የሚጨመር ጽሑፍ ነው። ጎግል «ካምፔይን ዩአርኤል ቢልደር» የሚባል ነጻ መሣሪያ አለው። ሶርስ ላይ ቴሌግራም፣ ሚዲየም ላይ ሶሻል፣ ካምፔይን ላይ ፍቼ ብላችሁ በላቲን ፊደል ሙሉ። ሁልጊዜ በትንንሹ ፊደል ጻፉ፤ አናሊቲክስ ትልቁንና ትንሹን ለየብቻ ይቆጥራቸዋል። ሪሴፕሽን ላይ ለምትለጥፉት ኪውአር ኮድ ሌላ መለያ ስጡት። በራሳችሁ ድረ ገጽ ውስጥ ገጽን ከገጽ በሚያገናኙ ሊንኮች ላይ ግን በፍጹም አታድርጉት፤ እንግዳው መጀመሪያ የመጣበትን ምንጭ ያበላሽባችኋል።

ከዚያ ሊንኩን ራሳችሁ ነክታችሁ ሞክሩት። ገጹ ሲከፈት መለያው አድራሻው ላይ ከሌለ፣ መሀል ላይ ያለ ማዞሪያ (ጎብኚውን ወደ ሌላ አድራሻ የሚያሻግር) ቆርጦታል ማለት ነው። የአናሊቲክሱ ኮድ ሁሉም ገጽ ላይ መኖሩንም እዩ።

ሪሴፕሽን ላይ ያሉ ልጆችም ቀኑን ሙሉ ድረ ገጹን ሲከፍቱ ይቆጠራሉ። የቢሯችሁን አይፒ አድራሻ (የኢንተርኔት መስመሩን መለያ ቁጥር) አናሊቲክስ ላይ «ኢንተርናል ትራፊክ» ብላችሁ መዝግቡ። እነሱን ከቁጥሩ የሚያስቀረው ማጣሪያ ሲፈጠር «ቴስቲንግ» (ሙከራ) ላይ ስለሆነ ወደ «አክቲቭ» ካልቀየራችሁት ማንንም አያስቀርም።

መለያው ያለፈውን ቁጥር አያስተካክልም፤ የሚሠራው ከለጠፋችሁበት ቀን ጀምሮ ነው። የሚቀጥለውን ሊንክ ከመልቀቃችሁ በፊት መለያውን አዘጋጁ።