ተማሪን ከማገድና ከማሰናበት በፊት፦ ይግባኝ ላይ የማይፈርስ ውሳኔ

አንድ ተማሪ ስለት አውጥቶ የክፍል ጓደኛውን ክንድ ቆረጠ እንበል። ቅጣቱ በኋላ ይደርሳል። መጀመሪያ ተጎጂው ይታከም፣ ስለቱ ከእጅ ይውጣ፣ አጥፊ የተባለው ተማሪ አዋቂ ባለበት ክፍል ይቆይ። ወላጁ ሳይነገረው ከግቢ አስወጥቶ መስደድ ሌላ ጣጣ ማምጣት ነው።

ቃል የሚቀበሉት በዚያው ቀን ነው፤ ምስክሮቹንም ለየብቻ። አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠው ከጻፉ ከሦስት ሰው አንድ ዓይነት ቃል ይወጣል፣ ያኔ ሦስቱም አይታመኑም። በየወረቀቱ ቀን፣ ሰዓትና ፊርማ ይኑር። ስለቱን ፎቶ አንስታችሁ አሽጉት፤ ማን እንደተረከበውም ይጻፍ። የካሜራ ምስል ካለ ሳይውል ሳያድር ይገልበጥ፤ ብዙ መቅጃዎች ሲሞሉ አሮጌውን እያጠፉ ይቀጥላሉ።

ጉዳዩ እስኪጣራ ተማሪውን ማራቅ አንድ ነገር ነው፣ በእገዳ መቅጣት ሌላ። ሁለቱ ሲደባለቁ ተማሪው ሳይፈረድበት ይቀጣል። የማጣሪያው እገዳ ማብቂያ ቀን ይኑረው፤ በኋላ 10 ቀን እገዳ ቢወሰንበት ቀድሞ ቤት የዋለባቸው ቀናት ይታሰቡ አይታሰቡ በጽሑፍ ይለይ።

ብዙ ውሳኔ የሚፈርሰው ግን በክስ ደብዳቤው ነው። «ሥነ ምግባር የጎደለው ተግባር ፈጽሟል» ለሚባል ክስ ተማሪው የሚሰጠው መልስ የለውም። «ማክሰኞ ከረፋዱ 4፡30፣ በእረፍት ሰዓት፣ ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ በስለት የክፍል ጓደኛውን ቀኝ ክንድ ቆርጧል» ብላችሁ ጻፉ፤ የተጣሰውን የትምህርት ቤቱ ደንብ አንቀጽ ቁጥርም ጨምሩ። ደንቡ ላይ በሌለ ጥፋት ማሰናበት አይቻልም፤ ከጥፋቱ በኋላ የጸደቀ አንቀጽም አይሠራም።

በ1989 (እ.ኤ.አ.) የጸደቀው የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን አንቀጽ 12 ሕፃኑን በሚመለከት ጉዳይ የመደመጥ ዕድል እንዲሰጠው ያዛል፤ አንቀጽ 28 ደግሞ የትምህርት ቤት ዲሲፕሊን የሕፃኑን ሰብዓዊ ክብር የጠበቀ ይሁን ይላል። እናም ተማሪው ከወላጁ ጋር ቀርቦ ማስረጃውን ይይ፣ ለክሱም መልስ ይስጥ። ዝም ካለም ዝምታው በቃለ ጉባኤ ይመዝገብ እንጂ ጥፋቱን እንዳመነ አይቆጠር። ጠቡን የገላገለው መምህር ምስክር ነውና ውሳኔው ላይ ድምፅ አይሰጥም።

የቆየ ማህደር የሚከፈተው ጥፋቱ ከተረጋገጠ በኋላ፣ ለቅጣት መጠን ብቻ ነው። ቀድሞ ከተከፈተ «ድሮም ረባሽ ነው» የሚለው ወሬ ማስረጃ ይሆናል። ቃለ ጉባኤው የድምፅ ቆጠራ ብቻ አይሁን፦ የትኛው ማስረጃ ታመነ? ከስንብት የቀለለው ቅጣት ለምን አልበቃም?

የውሳኔው ደብዳቤ ይግባኙ ለማን፣ በስንት ቀን ውስጥ እንደሚቀርብ ይናገር። የታገደ ተማሪ ፈተና ካመለጠው መቼ እንደሚፈተን ይጻፍለት። የተሰናበተው ደግሞ የውጤት ማስረጃውን ይዞ ይሂድ፤ ያንን መያዝ ማንም ያልወሰነው ሁለተኛ ቅጣት ነው።