አልከፈትም ያለኝ ዞአንቲድ እንዴት ተከፈተ

አዲሱ የጨው ውሃ አኳሪየሜ ውስጥ ያስገባሁት ዞአንቲድ አልከፈትም ብሎኝ ነበር። ለጀማሪ ከሚመከሩት ኮራሎች አንዱ ነው፤ ሲከፈት የጥቃቅን አበባ ምንጣፍ ይመስላል። የኔው ግን ኩርምት ብሎ ቀረ።

ጨዋማነቱ 35 ፒፒቲ (ከሺህ 35 እጅ ጨው)፣ ሙቀቱ 25 ዲግሪ። መብራቱም ደህና ነው። ጉዱ የወጣው ናይትሬትና ፎስፌት ስለካ ነው። ሁለቱም ዜሮ! ኮራል የጠራ ውሃ ይወዳል ይባላል። እውነት ነው፣ ግን ባዶ ውሃ አይወድም። ሰውነቱ ውስጥ የሚኖሩት አልጌዎች ከብርሃን ምግብ ይሠሩለታል፤ ለዚያም ትንሽ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ያስፈልጋቸዋል።

ስኪመሩን፣ ማለትም ከውሃው ቆሻሻ የሚያወጣውን መሣሪያ፣ ማታ ማታ ብቻ ማስነሳት ጀመርኩ። ለዓሦቹም ምግብ ጨመር አደረግኩ። ናይትሬቱ ወደ 5 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 5 እጅ) ሲጠጋ መጀመሪያ ዳር ዳሩ ላይ ያሉት ፖሊፖች (አበባ የሚመስሉት ጥቃቅን አካላቱ) ተከፈቱ፤ ብርቱካናማ ቀለበታቸው ታየ። የመሃሎቹ ትንሽ ለገሙ እንጂ እነሱም መጡ።

እግረ መንገዴን፣ ዞአንቲድ ስትነኩ ጓንትና መነጽር አድርጉ። አንዳንዶቹ ፓሊቶክሲን የሚባል ከባድ መርዝ አላቸው። ድንጋዩን አጸዳለሁ ብላችሁ የፈላ ውሃ እንዳታፈሱበት፤ እንፋሎቱ ሆስፒታል ያስገባል።

ሌዘር ኮራል የሚባለው ቆዳ መሰል ለስላሳ ኮራል ከተዘጋ ግን አትደንግጡ። የላይኛውን ስስ ሽፋን እየጣለ ሊሆን ይችላል፤ በቀናት ወይም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይመለሳል። ማሽሩም የሚባለው ኮራልም ብዙ አያስቸግርም። አክሮፖራ የሚባለውን አስቸጋሪ ጠንካራ ኮራል ገንዳው እስኪረጋ ተዉት፣ ብር ማባከን ነው። ግሪን ስታር ፖሊፕ የሚባለው ኮራል ካማራችሁ ደግሞ ለብቻው ድንጋይ ስጡት፤ አለበለዚያ የጎረቤቱን ቦታ ሁሉ ይወርሳል።